ሰናይትን የፈተንኩበት ቋንቋ

የምናገረውን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር የሰማው የለም። ባለቤቴ ሳይሰማው ነው የሞተው። እህቶቼም አያውቁትም። ለእናንተ ስነግር ቀለል እንዲለኝ አስቤ ከሆነ እሱም ሌላ ጥፋት ነው፤ ግን ልናገር።

ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር የአንድ ማኅበር ትምህርት ቤት ነበር። እኔ እዚያ አስተማሪ ነበርኩ። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የአገራችን ዕቃ በሙሉ በጅቡቲ ማለፍ ሲጀምር ሰው በዝቶ ስለነበር፣ ልጅም በዝቶልን ነበር። የሶማሌና የአፋር ልጆች፣ እንደ አባቴ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች ልጆች፣ ጥቂት ደግሞ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልጆች። ትምህርት ቤቱ ትምህርት ለሚከብዳቸው፣ አእምሯቸው ለሚዘገይ ልጆች አንድ ልዩ ክፍል ነበረው። ወጪውን የሚሸፍነው የውጭ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የዚያ ክፍል አስተማሪ እኔ ነበርኩ፤ ማን እዚያ እንደሚገባ ፈትኜ የምወስነውም እኔው።

አንድ ዓመት ክፍሌ ሳሳ። ዳይሬክተሩ ጠርቶ፣ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፣ ልጅ ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል አለኝ። ክፍሉ ሲዘጋ እኔም እወጣለሁ ማለት ነው። ክፍሉ በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ አውቅ ነበር፤ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። አባቱን ባነጋግረው "የእኔን ልጅ ከቂሎች ጋር ልታስቀምጪው?" ብሎ ጮኸብኝ። አባቴን የሚያውቅ፣ ቤታችን የሚገባ ሰው ነበር። ተውኩት። ከዚያ በኋላ ምን አደረግኩ? እምቢ ማለት የማይችል ወላጅ ፈለግኩ።

ሰናይት ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አሳዳጊ አያቷ ሞተውባት ከድሬዳዋ ገና መምጣቷ ነበር። እናቷ ብርቄ ፈረንሳዮች ቤት እያደረች ስለምትሠራ ልጅቷን ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር አንዲት የአገሯ ልጅ ዘንድ አስጠግታት ነበር። ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አታውቅም። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አማርኛ የምናገር ብቸኛዋ አስተማሪ ነበርኩ። በአማርኛ ልፈትናት እችል ነበር። በፈረንሳይኛ ፈተንኳት።

ሥዕል እያሳየሁ "ሴ ኩዋ?"፣ ምንድን ነው? አልኳት። ዝም። ሌላ አሳየኋት። ዝም። ጃንጥላ ሳሳያት ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጃንጥላ ነው" አለችኝ በአማርኛ። ከዚያ ሥዕሉን አስተውላ አየችና "የፀሐዩ ነው የዝናቡ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሰማኋት። አልሰማሁም ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ ሰምቻታለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አእምሮው እንደማይዘገይ ለማወቅ አስተማሪ መሆን ያስፈልጋል? አላወቀችም ብዬ አለፍኳት።

ብርቄ ዓርብ ከሰዓት፣ ፈቃድ ባገኘችበት፣ መጣች። በላብ ተነክራ በር ላይ ቆመች። "ግቢ" አልኳት፤ በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር፣ እኔ ግን "አንቺ" ነበር የምላት። የልጅሽ አእምሮ ትንሽ ደከም ይላል፣ ልዩ ክፍል እናስገባታለን አልኳት። እንድትከራከረኝ፣ እንድትቆጣ ጠበቅኩ። ብትቆጣ ምናልባት እመለስ ነበር። እሷ ግን መሬት መሬት እያየች፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማዳም። እሷን አርግዤ ከባድ ከባድ ነገር እሸከም ነበር" አለችኝ። ቀጥላም ጎንበስ ብላ እጄን ልትስም ቃጣች። "እንኳን ተቀበሉልኝ" አለች።

እጄን አልሰጠኋትም። ግን እውነቱንም አልነገርኳት።

ጎብኚዎቹ መጡ፣ ክፍሉ ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ። ሰናይት በጥቂት ወራት ፈረንሳይኛውን ለቀመችው። ጎኗ የሚቀመጡትን ልጆች ታስጠና ጀመር። ያን ጊዜ ወደ መደበኛው ክፍል ላሳልፋት ይገባኝ ነበር፤ አላሳለፍኳትም። ምክንያቱም እንግዳ በመጣ ቁጥር አስነስቼ የማስነብበው እሷን ነበር። "ፕሮግራሙ ለውጥ አምጥቷል" ይሉ ነበር እያጨበጨቡ። እኔ ፈገግ እላለሁ። የልጅቷ ጉብዝና የእኔ ጉብዝና ሆኖ ተቆጠረ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት አስቀረኋት። እኩዮቿ ለመጨረሻው ፈተና ሲቀመጡ የልዩ ክፍል ልጅ ናት ተብላ ሳትቀመጥ ቀረች፤ እናቷም ሰው ቤት አስቀጠረቻት። ለነጋዴው ልጅ አስጠኚ ተቀጥሮለት እንደምንም ተፈትኗል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ማዕከላዊ ገበያ መጋረጃ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ወጣት ከአንዱ ደንበኛ ጋር በሶማልኛ፣ ከሌላው ጋር በዓረብኛ ዋጋ ትከራከራለች። አወቀችኝና ሮጣ መጥታ ሳመችኝ። ሰናይት ነበረች። እናቷ ጉልበቷን አሟት ወደ ድሬዳዋ እንደተመለሰች አጫወተችኝ። ባለሱቁ በዚያ በኩል ሲያልፍ፣ "እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ፣ ሒሳቡን ያዥልኝ ብላት እምቢ አለችኝ" አለኝ።

"ለምን እምቢ አልሽ?" አልኳት።

ሳቀች። ጭንቅላቷን በጣቷ ነካ አደረገች። "ማዳም ደግሞ! የእኔን ነገር ያውቁት የለም እንዴ?"

ሳታፍር፣ ሳታዝን፣ እንደ ቁመቷ፣ እንደ ስሟ ያለ ነገር አድርጋ ነው ያለችው። ያን ጊዜ እዚያው፣ የተጠቀለለ ጨርቅ መሀል ቆሜ ነገርኳት። ስለ ፈተናው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ጎብኚዎቹ። ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ ትጮኻለች ብዬ ነበር።

"እናቴ ይህን ታውቃለች?" አለችኝ።

"አታውቅም። ድሬዳዋ ሄጄ እነግራታለሁ።"

"አይንገሯት" አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ። "ያላደረሰችኝ ጠበል፣ ያልተሳለችው ስለት የለም። በእሷ ሰበብ የተጎዳሁ እየመሰላት ስትፀፀት ነው የኖረችው። ሁሉም በከንቱ ነበር ብለው ይንገሯት? እርስዎ ሊቀልልዎት ነው? አይንገሯት።"

ከዚያ ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። አሁን የሱቁን ሒሳብ የምትይዘው እሷ እንደሆነች ሰምቻለሁ። በዚያ ሳልፍ አንገቷን አቀርቅራ ትቆያለች፣ አልገባም።

እኔ ደካማ ነበርኩ፣ ጊዜው ከባድ ነበር፣ ክፍሉ ለሌሎቹ ልጆች ይጠቅም ነበር ማለት እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን በአማርኛ ከመጠየቅ አላገደኝም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ብርቄ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከድሬዳዋ ትደውልልኛለች። የስልክ ቁጥሬን ሰናይት ናት የሰጠቻት፣ ከዚያ ቀን በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። "ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት፣ ዕድሜ ይስጥዎ" ትለኛለች።

"አሜን" እላታለሁ።