ሃያ ላይ ቀጭ የምትል መፍቻ

የዚያ ጋራዥ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚያሰማውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንስ ለምጄው ነበር። ባዶ መዳፍ ፊት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ የሚመስለው፣ «ጧ!» የሚለው ነው። ከእሱ በኋላ ሁልጊዜ ጸጥታ ይመጣል። ከጸጥታው በኋላ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ ድምፅ፦ «ሥራ!»

ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። አባታችን ጋራዡን ትቶልን ሲያልፍ፣ ታላቁ ሞተር አውራጅና ሰቃይ ሆነ፤ ታናሹ በሽታውን ፈላጊ፤ እኔ እህታቸው ደግሞ የመለዋወጫውን ክፍል ያዝኩ። ታላቁን የሰፈሩ ሰው «መዶሻው» ይለዋል፤ እኛ ጋሼ እንለዋለን። ታናሹን ሁሉም «ጆሮ» ብሎ ነው የሚያውቀው። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ጆሮ መኪና ሲመጣለት ብዙ አይጠይቅም። ኮፈኑን ይከፍትና ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ የእጀታውን ጫፍ ቀኝ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። «ሦስተኛው ፒስተን ሆዱን ይቆርጠዋል» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ሰዎች ሲያደንቁት ይስቅና፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እስኪ ኋላዬ ምን እያላችሁ ታሙኛላችሁ?» ይላቸዋል።

ቀኝ ጆሮውን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግራው አይሰማም። በሃያ ዓመቱ፣ ደንበኛ በቆመበት፣ «ጋሼ፣ ኩሽኔታው ደህና ነው፤ የሚጮኸው ሌላ ነው» ብሎ ስላረመው ጋሼ በጥፊ አጮለው። ደሙ በአንገቱ ወርዶ የቱታውን ኮሌታ አረጠበ። ከዚያን ቀን ወዲህ የጋራዡ ሕግ አንድ ሆነ፤ ጋሼ ደንበኛ ፊት አይታረምም። ጆሮም ይህን ሕግ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አክብሮ ኖረ። እንጀራው በአንዲቱ በቀረችው ጆሮ ላይ ነበርና።

አንድ ቀን ትከሻው በር የሚያህል የሚኒባስ ሹፌር መጣ። መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ዳሽቦርዱም ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። ጆሮ መመርመሪያውን ሰክቶ አነበበና፣ «የሞተሩ ጆሮ ነው» አለ።

ነዳጅ ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ ኳኳታ ይፈጥራል። ያን ኳኳታ የምታዳምጥ፣ ሞተሩ ላይ በአንድ ቡሎን የምትታሰር፣ የጠርሙስ ቆርኪ የምታህል ዕቃ አለች። ስሟ ኖክ ሴንሰር ነው፤ እኛ ጋራዥ ግን የሞተሩ ጆሮ ትባላለች። እሷ ስትደነቁር ኮምፒውተሩ ፈሪ ይሆናል፤ ምናልባት እየተንኳኳ ይሆናል ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይይዛል። መድኃኒቷ መለወጥ ነው።

ጆሮ ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ስለ ነበር የለወጣት ጋሼ ነው። አዲሷን ከነወረቀቷ አውጥቼ፣ ልክ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብላ የምታስታውቀውን መለኪያ መፍቻ ጨምሬ ሰጠሁት።

«በሃያ ኒውተን ሜትር ይጠብቃል ይላል ወረቀቱ» አልኩት።

መፍቻዋን በክንዱ ገፍቶ ጣላት። «የሕፃን መጫወቻ! ሞተር እንደ ልብስ ቁልፍ ነው እንዴ በጣት የሚቆለፈው?» አለና የራሱን መፍቻ እጀታ በብረት ቱቦ አስረዝሞ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጎተተው።

ትምህርት ቤት ሳለን የቋንቋ መምህራችን «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉና፣ «አላልታችሁ ስታነቡት ቡሎን ነው፤ አጥብቃችሁ ስታነቡት ዘበኛ ነው» ይሉን ነበር። ጋሼ በሕይወቱ የሚያውቀው ቡሎኑን ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሚኒባሱ በሌላ መኪና ተጎትቶ ገባ። ኋላው ተጨፍልቋል። ሹፌሩ ግንባሩ ተሰፍቶ፣ የክሪክ ዘንግ ይዞ ወረደ። እህቱን ጨምሮ ሙሉ ሰው ጭኖ አቀበት መሐል ሲደርስ መኪናው ጉልበት አጥቶ ጠፋ፤ ፍሬኑም አልያዝ ብሎት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከግንብ ጋር ተላተመ።

«የእህቴ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል!» ብሎ ዘንጉን በጋሼ ላይ ወረወረ። ጋሼ ጎንበስ ሲል የመለዋወጫው ክፍል መስተዋት በላዬ ላይ ረገፈ። ሹፌሩ ዘንጉን አንሥቶ ደገመና የጋሼን ትከሻ አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ተሰማኝ። ጋሼ ግን መዶሻው ነውና አልወደቀም፤ በደህና እጁ የሰውየውን ጉሮሮ አንቆ፣ የሥራ ባንኮው ላይ ባለው የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳው ላይ አጋደመው። የሹፌሩ ግንባር ስፌት ተበጥሶ ደሙ ባንኮው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ጆሮ መሐላቸው ገብቶ ሁለቱንም በክርኑ ለያያቸው። «እስከ ምሳ ሰዓት ስጡኝ! መኪናው ራሱ ይናገራል!»

ሹፌሩ እያለከለከ፣ «አንተ አትዋሽም ይላሉ። ንገረኝ፤ መኪናዬ ነው ወይስ የዚህ ሰው እጅ?» አለው።

«ሞተሩ አርጅቷል!» አለ ጋሼ። «ንገረው እንጂ አንተ! ምን ይዘጋሃል?»

ጆሮ ወደ ሞተሩ ዞረ። የሴንሰሯን ሽቦ ነቅሎ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አገናኘና፣ በትንሽ መዶሻ አጠገቧ ያለውን ብረት ኳ ኳ አደረገው። የምትሰማ ብትሆን መርፌው ይዘል ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ ደህና ነው። እሷን የጋረደውን የአየር ማስገቢያ አወረደ፤ ቡሎኑ እየጮኸ ወጣ። ሴንሰሯ መዳፉ ላይ ስትወድቅ ወገቧ ላይ ተሰንጥቃ ነበር።

ቀረብ ብዬ በቀኙ አንሾካሾክሁለት። «ከፋብሪካ የመጣ ብልሽት ነው በልና ይለፍ። ሆድ ይፍጀው፣ ወንድም ዓለም።»

«እታለም፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እንዲያ ካልኩ ነገም በቱቦ ያስረዋል። ነገ ደግሞ የማን እህት ናት?»

ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለሹፌሩ፣ ጋሼ እየሰማ፦ «ዕቃዋ ደህና ነበረች። የገደላት አስተሳሰራችን ነው። ሃያ ለሚበቃት ስልሳ ጎትተንባታል።»

«ጎትተንባታል» አለ፤ «ጎተተ» አላለም። ይህም አላዳነው። ጋሼ ከነተሰበረ ትከሻው ዞሮ በደህና እጁ ሰነዘረ። ጧ! ቀኝ ጆሮው ላይ። ጆሮ ከሞተሩ ጋር ተላትሞ ወደቀ።

ሹፌሩ ዘንጉን ከእጁ ለቀቀው። «ሰው ነህ አንተ? የገዛ ወንድምህን!»

ጸጥታው መጣ። ጋሼ ግን «ሥራ!» አላለም።

ጆሮ በጉልበቱ ተነሣ። ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። የእኔን ከንፈር እያየ፣ «ምን አላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ማንም ምንም አላለም ነበር።

እጁን ዘረጋልኝ። አዲስ ሴንሰር አውጥቼ ሰጠሁት። መቀመጫዋን በጨርቅ ወልውሎ አስቀመጣት፤ ቡሎኑን በጣቱ አዙሮ አስያዘ፤ መለኪያ መፍቻዋንም ሃያ ላይ ሞላ። መፍቻዋ ያረጀች ስለሆነች ምቷ ለእጅ አይታወቅም፤ የሚሰማት ጆሮ ነው።

«እታለም!» አለኝ፣ አሁንም እየጮኸ። «ቀጭ ስትል ንኪኝ!»

አጎነበስኩ። ጎተተ። ቀጭ አለች። ትከሻውን ነካሁት፤ እጁን ወዲያው አነሣ።

በመዶሻዋ ኳ ኳ ሲያደርግ የቴስተሩ መርፌ ዘለለ። የፈታውን ሁሉ መልሶ ገጠመ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሰጠው፤ ቢጫው መብራት ጠፋ፤ ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ። «ዳነልኝ!» ሊል አፉን ከፍቶ የጆሮን ፊት ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ጆሮ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣ። ሞተሩ ላይ አስደግፎ ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገው። ዐይኑን ጨፈነ። ቦታ ቀየረ። ደግሞ ቀየረ። ከዚያ፣ አሥራ አንድ ዓመት አድርጎት የማያውቀውን፣ ወደ ግራው አዞረው።

ካቻቢቴውን ከእጀታው ጀምሮ ጠረገና ጋሼ ፊት፣ ደም የነካው ባንኮ ላይ አኖረው። ጋሼ የተሰበረ ትከሻውን ታቅፎ፣ ከእሱ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ወንድሜ» አለ።

ጆሮ ጀርባውን ሰጥቶት ቱታውን እያወለቀ ነበር። በመስተዋቱ ስብርባሪ ላይ ተራምዶ በአጠገቤ አለፈ፤ ደህና ሁኚም ሳይለኝ ወጣ።