የመኳንንትን ሽቦ የነቀልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። አለ። ሌላ አለ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው፤ ፊታችሁን ስለማላይ ሳይቀለኝ አይቀርም።

በደርግ ጊዜ ዳንግላ ላይ በአውራጃው የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩ። የተወለድኩት እንጅባራ ነው፤ ለትምህርት መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ጊታር የሚጫወተው መኳንንት ይባል ነበር፤ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ፣ ቀን ቀን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ራዲዮ የሚጠግን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። እወደው ነበር። እሱም ይወደኝ ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

ቡድናችን አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ነበረው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የብርጭቆ ቱቦዎች ያሉት። እስኪሞቅ ያስጠብቃል። ሲሞቅ ግን፣ መኳንንት ድምፁን ከፍ አድርጎ ክሩን ሲመታው፣ ጊታሩ ልቅሶ እንደተናነቀው ሰው ይሻክር ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጸጥ ይላል። አንድ ክረምት ቱቦዎቹ ተቃጠሉ፤ ምትካቸው ባሕር ዳር ቢፈለግ፣ አዲስ አበባ ቢላክ ጠፋ። ከክፍለ ሀገር አዲስ አምፕሊፋየር ተላከልን፣ ቱቦ የሌለው፣ በትራንዚስተር የሚሠራ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ደረቅ፣ አንጀት የማይበላ። መኳንንት ሞከረውና፣ "ይሄ ያወራል እንጂ አያለቅስም" አለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ከተጣሉ ራዲዮዎች ዕቃ እየነቀለ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር መሥራት ጀመረ። በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ትገባለች፣ በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፤ ላይዋ ላይ ያለውን ቁልፍ በእግሩ ሲረግጠው አዲሱ አምፕሊፋየር እንደ አሮጌው እንዲሻክር ነው። ብዙ ጊዜ አበላሻት፤ ፈታትቶ እንደገና ሠራት። ሲበይድ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ድምፁን የምታሳልፈው ሽቦ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ በጣቱ አሳይቶኛል። ለምን አሳየኝ? እኔስ ለምን አስታወስኳት? የጨረሰ ዕለት እኔን ብቻ አስቀምጦ ተጫወተና፣ "መጣ?" አለኝ። መጥቶ ነበር፤ ያ የድሮው ድምፅ። አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሰው የሚመርጡ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ዘፋኝ ሞልቶላቸዋል፤ የሚፈልጉት ጊታር ተጫዋች ነው። መኳንንት እንደሚሄድ ሁላችንም አወቅን። "እኔ ልደላደል እንጂ እወስድሻለሁ" አለኝ። አላመንኩትም። ምን አድርጎኝ? አንድ ቀን እንኳ ዋሽቶኝ ያውቃል? ደብረ ማርቆስ የሚያገኛቸውን ሴቶች በሐሳቤ እየፈጠርኩ፣ መልክ እየሰጠሁ፣ በሌሉ ሰዎች ቀናሁ።

በምርጫው ቀን ጠዋት ጊታሩን ሊያመጣ ሲሄድ፣ "ያዥልኝ፣ እንዳትወድቅ" ብሎ ቆርቆሮዋን ሰጠኝ። ከአዳራሹ ጀርባ ብቻዬን ነበርኩ። ክዳኗን ከፈትኩ። ያችን ሽቦ ፈለግኳት፣ አገኘኋት። በፀጉር ማስያዣዬ ከብየዳዋ ሥር ፈልቅቄ ሳብኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች፤ ብየዳው ጠንካራ ነበር። ያኔ መተው እችል ነበር። አልተውኩም። አጥብቄ ሳብኩና ነቀልኳት። ከዚያ ክዳኗን ገጥሜ፣ ሲመጣ ፈገግ ብዬ ሰጠሁት።

መድረክ ላይ የሚያስለቅሰው ቦታ ሲደርስ ቁልፉን ረገጠ። ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ክሩን መታ፤ ምንም የለም። መልሶ ሲረግጠው ያ ደረቁ ድምፅ መጣ፤ ጣቶቹ ግን ተደነባብረው ነበር። ዘፈኑ ጥሎት ሄደ። ከኋላ ሰው ሳቀ። መራጮቹ ከሌላ አውራጃ የመጣ ልጅ ወሰዱ።

ሲጨርስ ቆርቆሮዋን ከፍቶ አየ። እኔን አላየም፤ የገዛ እጁን ነበር የሚያየው።

"ብየዳዬ ነው" አለ። "አልያዘም።"

"አይዞህ" አልኩት። አቀፍኩት። በእቅፌ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስታ ነበር። ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ! ከዚያ ወዲያ መኳንንት እጁን አላመነም። የሰው ራዲዮ ጠግኖ ከሰጠ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ተከትሎ "እስቲ ልየው" እያለ ይመልስ ጀመር። ይህን እያየሁ አልነገርኩትም።

በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይለቀም ጀመር። ደብረ ማርቆስ ኪነት የገቡት በሥራ ላይ ናቸው ተብለው ታለፉ፤ የአውራጃው ቡድን ልጆች ግን አልታለፉም። መኳንንትን ከሱቁ ወሰዱት። ስሰማ ሮጥኩ፤ የጭነት መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ደረስኩ። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔ ነኝ የነቀልኳት ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ቆርቆሮዋን ለማንም እንዳትሰጪ" አለኝ። "ብየዳዋ ጥሩ አይደለም፤ ታሳፍረኛለች።"

መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ እጁም ከእጄ ወጣ። ብነግረው ኖሮ ይቀር ነበር? አይቀርም። በእጁ እያፈረ ግን አይሄድም ነበር።

ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ ሲበተን፣ አብሮት የነበረ ሰው በእግሩ መጥቶ ሞቱን አረዳን። ግምጃ ቤት ለቅሶ ሄድኩ። እናቱ እማማ ጠጄ ባሏ እንደሞተባት ሴት አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ስለሌላቸው በየገበያው ቀን እየሄድኩ ጦርኳቸው። ሰው "እንዴት ያለች ታማኝ ናት" ይላል። ታማኝ? እኔ? ቤታቸው በገባሁ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ገብቼ፣ ሳልነግራቸው የምወጣ ፈሪ ነበርኩ።

ልጅነት ነው አልላችሁም። ፍቅር ነው አልላችሁም። ወደ ጦር ሜዳ እንደሚወስደው አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን ክፉ እንደሠራሁ ሽቦዋ እጄ ላይ ስትቀር አውቄዋለሁ።

እማማ ጠጄ የሞቱት በአልጋቸው ነው፣ ጎረቤት ዙሪያቸውን ቆሞ። እጄን ይዘው በአገውኛ መረቁኝ። "ሁሉም ሲረሳው ልጄን አንቺ ብቻ ወደድሽልኝ" አሉ። "ለእሱ ያደረግሽውን ሁሉ እግዜር ይክፈልሽ።"

የቆመው ሰው ሁሉ አሜን አለ። እሳቸው ግን የእኔን እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር።

"አሜን" አልኩ።