መስኮት ላይ የተለጠፈው ሳንባ

እውነተኛ ስሟን የምናውቀው እኔና የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነን። ለሌላው ሰው ሁሉ «እትዬ አትተንፍሱ» ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የራጅ ክፍል ውስጥ «ሳቡ፣ ያዙ፣ አትተንፍሱ!» ስትል ኖራለች። «ተንፍሱ» ማለት ግን አታውቅም። ፊልሙ ሲነሳ በጣቷ በሩን ታሳያለች፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ዳይሬክተራችን ራሱ ለምርመራ ገብቶ ማውራቱን አልተው ሲላት «እዚህ ስብሰባ የለም፣ አፍዎን ይዝጉ» አለችው። እሱም እስከ ዛሬ አልረሳላትም።

እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። ሥራዬ ካርድ መፈለግ፣ ካርድ ማጥፋትና ሽፋኑ ላይ ማኅተም መምታት ነው። «ቲቢ» የሚል ቀይ ማኅተም አለኝ። እሱን አንዴ የመታሁበት ሰው ጣቱ ቢሰበር እንኳ ሕመሙ ቲቢ ነው፤ ሐኪሞቻችን ማኅተሙን እንጂ ሰውየውን አያዩም። እውነቱን ለመናገር፣ ማኅተሜ ይህን ያህል መከበሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ ታላቅ ሆስፒታል የራጅ ፊልም ማስቀመጫ የለውም። እትዬ ለአንድ መደርደሪያ ብላ ስድስት ደብዳቤ ጽፋለች፤ ስድስቱም የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ፊልሙን ለታማሚው እየሰጠች «ይሄ ቢጠፋ እንተያያለን!» ትላለች። ታማሚው እሺ ብሎ ይወጣና ቤቱ ሲደርስ ይረሳዋል።

በዚያ ሰሞን የሰፈሬ አናጢ ታሞ መጣ። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ሳሉ ቀንሶለት፣ ሥጋ መልሶ፣ ወደ መጋዙ ተመልሶ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ግን ትኩሳቱ ነደደ፣ ያንቀጠቅጠው ጀመር፣ ቀኝ ጎኑን ወጋው፣ አክታው የዛገ ብረት መሰለ። ሚስቱ ደግፋ ወደ ምድር ቤት አወረደችው። እትዬ «ያዙ» ስትለው ትንፋሹን ለአፍታ እንኳ መያዝ አቃተው። እንደምንም አነሳችው። የቀኝ ሳንባው ግርጌ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ዶክተራችን ጋዋኑን እንጂ እውቀቱን የማይተኩስ ሰው ነው። የፊልም ማያው ሳጥን አምፖል ከተቃጠለ ዓመት ስላለፈው ፊልሙን ወደ ኮርኒሱ መብራት አነሳ፣ አየት አደረገና እኔ ያመጣሁለትን ካርድ ገለጠ። ማኅተሜ አለ። ከሥሩ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው ሐኪም፣ ወደ ቤቱ ሲቸኩል መሆን አለበት፣ «በሁለቱም ሳንባ ሰፊ ጉዳት» ብሎ ጭሯል።

«ያው ቲቢው ነው። መድኃኒቱን ተላምዶታል። ሪፈር ይጻፍለት» አለ።

ሪፈር ማለት የአንድ ቀን መንገድና የሦስት ሳምንት ወረፋ ነው። አናጢው ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሦስት ቀን የሚቆይ አይመስልም ነበር።

እትዬ ከምድር ቤት ድረስ ፊልሙን ተከትላ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «ዶክተር፣ ቲቢ በሦስት ቀን እንዲህ አይሮጥም። ይሄ የሳንባ ምች ነው፣ ሌላ ባክቴሪያ ተደርቦበት ነው። ዛሬውኑ መርፌ ካልጀመረ ያመልጠናል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ያንሱ፤ ማንበቡን ለእኛ ይተዉ።»

«ያንብቡ እንጂ! ከዚህ ውስጥ አዲሱ የቱ ነው፣ አሮጌው የቱ ነው?»

«ካርዱ ሁለቱም ሳንባ ይላል። ነጩ ድሮም ነበር።»

«እኔ የማነሳው ካርድ አይደለም» አለችና ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «የመጀመሪያው ፊልም የት አለ?»

ሚስቲቱ መሬት መሬት አየች። «ሽንት ቤቱ መስኮት ላይ ነው፣ እትዬ። መስታወቱ ተሰብሮ ነፋስ ሲያስቸግረን እሱ ፊልሙን በሚስማር መታበት።»

የሰፈሩን መስኮት ሁሉ የገጠመ አናጢ፣ የራሱን መስኮት በገዛ ሳንባው ደፍኖታል! ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። እትዬ ግን አልሳቀችም። «ሮጠሽ አምጪው» አለቻት። ሴትየዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች።

የሪፈሩ ወረቀት ቁጥር ሊሰጠው እኔ ዘንድ መጣ። እትዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። መዝገቡ ጠፋብኝ አልኩና የተቀመጥኩበትን መዝገብ ግማሽ ሰዓት ፈለግኩት። ስንፍናዬ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፊልሙ አራት ማዕዘኑ በሚስማር ተበስቶ፣ ሳሙና ተረጭቶበት መጣ። እትዬ በቀሚሷ ጠረገችውና ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ኮሪደሩ መስኮት ላይ ደግፋ ያዘቻቸው። በአሮጌው ላይ የቲቢው ጉድጓድ ግራ ትከሻ ሥር ተቀምጧል። የቀኙ ግርጌ ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው፣ ንጹሕ፣ አየር የሞላው። በአዲሱ ላይ ያው ቦታ እንደ ኖራ ነጭ ነው። እኔ ገባኝ። ወለል የምትወለውለዋ ሴት እንኳ ገባትና «ውይ!» አለች። «ሁለቱም ሳንባ» ብሎ የጻፈው ሰውዬ ፊልሙን ጭራሽ አላየውም ነበር። እኔም የእሱን ውሸት በቀይ ቀለም አጅቤዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ አሁንስ አነበብክ?» አለች። አንቱታውም ዶክተርነቱም ቀርቷል።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ መርፌውን አዘዘ። አናጢው አልጋ ያዘ፤ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ።

በወሩ ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ገና ሳየው ጠርጥሬ የቀድሞ ፊልም አስመጣሁ» ብሎ አስረዳ። ዳይሬክተሩ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበና የምስክር ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱ ዛሬ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለእሱ መስታወት ተገኝቷል። ለእትዬ መደርደሪያ ግን አልተገኘም፤ እሷም በስብሰባው ሰዓት ታች ሰው ታነሳ ነበር። ስነግራት «ሰውየውስ በላ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አናጢው ለመታየት ተመለሰ። ካርዱን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ራሴ ይዤ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ሳቡ። ያዙ። አትተንፍሱ።»

ያዘ። ማሽኑ ጮኾ ዝም አለ። ፊልሙ ተነሥቷል፣ በሩን የምታሳይበት ሰዓት ነው፤ እሷ ግን ቆማ ታየዋለች። ያ ትንፋሹን ለአንድ አፍታ መያዝ ያቃተው ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ ፊቱ እስኪቀላ፣ ትእዛዝ ይጠብቃል። እኔም በሩ ላይ ትንፋሼን ይዤ ኖሯል።

«ይተንፍሱ» አለች እትዬ። «ኧረ ይተንፍሱ፣ የእኔ ወንድም!»