የታጠቡት ፑንቴሪያዎች

«ሽማግሌው የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው ሱቄ የመጡት… ኧረ ማርያም ነው መሰለኝ» ይላል ልደቱ፣ በወደብ ከተማዋ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የሞተር ዕቃ የሚሸጠው፣ ራሱን እየተጠራጠረ።

ሽማግሌው በዚያ ሙቀት የዘበኛ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነበር። ከፎጣ ውስጥ የአሮጌ ፔጆ መኪና ሞተር ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ እና በሱ እየተገፉ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ትንንሽ ብረቶች፣ ፑንቴሪያዎቹን፣ አወጡ።

«ይሠራሉ?»

«ተራቸውን ያውቁታል፣ አባባ? እያንዳንዱ የለመደው ቦታ አለው። ከተደባለቁ ካምሻፍቱን ይበሉታል።»

«ቆሽሸው አየሁና በናፍጣ አጠብኳቸው። በአንድ ሳፋ።»

«ውይ አባባ! እንደ ሰሃን ዘፈዘፏቸው?» ልደቱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። አዲስ ካምሻፍት ከነፑንቴሪያው አወረደላቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ እንደወደዱት ያስታውቃል። ቢሆንም መልሰው ገፉት።

«ሞተሩን የፈታው ልጄ ነው። ከየመን ሲመለስ ራሱ ይገጥመዋል። የትኛው የት እንደነበረ እሱ ያውቃል።»

አንዴ ከተደባለቁ የፈታቸው እጅም እንደማይለያቸው ልደቱ ያውቃል፤ ግን አልነገራቸውም። ልጁ ባሕሩን ከተሻገረ ወዲህ ደውሎ እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ሽማግሌው ፎጣቸውን አቅፈው ቪላዎች ወዳሉበት ወደ ሀራሙስ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረዋል።