ማዘንጊያ መሪውን የያዘችበት በጋ

ማዘንጊያ ውሃ ትፈራ ነበር። ደብረ ታቦር ተወልዳ ያደገች ናት። ካርቱም ዘጠኝ ዓመት ኖራ እንኳ ሚኒባሱ ድልድይ ላይ ሲወጣ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ባሏ ገብረየስ ደግሞ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጀልባ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን በእግሩ ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር በርና አልጋ እየሠራ ይኖር ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አከራያቸው ልጁን ሊድርበት ክፍሉን ፈለገው። በዚያው ሰሞን ገብረየስ በር የሠራላቸው ዶክቶር ዐዋድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ ሐኪም፣ ቡሪ በሚባለው ሰፈር፣ ዓባይ ዳርቻ የወደቀች ባለ ሸራ ጀልባ እንዳለቻቸው ነገሩት።

«ጠግናት፤ እስክትጨርስም ከባለቤትህ ጋር ኑሩባት» አሉት።

«ጀልባ ላይ? እኔ?» አለች ማዘንጊያ። «ገብሬ፣ ሰው የሚኖረው መሬት ላይ ነው።»

«አንድ ሳምንት ሞክሪያት። ካስጠላሽ እንወርዳለን።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምሰሶውን አቅፋ ነው ያሳለፈችው ማለት ይቻላል። በአራተኛው ቀን ግን የዴም ክፍላቸው እንደ ምድጃ በሚግልበት ሰዓት፣ እዚህ ንፋስ እንዳለ አስተዋለች። ልብሷን በሸራው ገመድ ላይ ማስጣት ጀመረች። ገብረየስ ሳንቃ ሲቀይር ቀዳዳውን በጥጥና በቅጥራን የምትደፍነው እሷ ሆነች። ገመድ አስተሳሰር አስተማራት፤ ከወር በኋላ የእሷ ቋጠሮ ከእሱ ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። የዴም ሴቶች «ማዘንጊያ ዓሣ ሆነች» እያሉ ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ሰኔ ላይ ጀልባዋ ተጠግና ወንዙ ላይ ወጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ በቱቲ ደሴት አቅጣጫ ሲቀዝፉ፣ ሸራውም ገና ግማሽ እንደተዘረጋ፣ በደቡብ በኩል ሰማዩ እንደ ግድግዳ ቀላ። ሐቡብ ነው፣ የአቧራ ማዕበል። ገብረየስ ሸራውን ሊያወርድ ሲነሳ ንፋሱ ደረሰ፤ የሸራው አግድም እንጨት ዞሮ ትከሻውን መታው። ወደቀ። ክንዱን ማንሳት አልቻለም።

«መሪውን ያዢ!» ብሎ ጮኸ።

«አላይም እኮ! ምንም አይታየኝም!»

«ማየት አያስፈልግሽም። ንፋሱን ማጅራትሽ ላይ አድርጊው። ጉንጭሽን ከመታሽ መሪውን መልሺ!»

መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አቧራው አፏን ሞልቶት፣ ንፋሱን በአንገቷ ቆዳ እየፈለገች ነዳች። ግራ ጉንጯን ሲነካት መለሰች። ቀኙን ሲነካት መለሰች። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ይህን ጊዜ ግን ከፍርሃት አልነበረም። በመጨረሻ የጀልባዋ ሆድ ቀስ ብሎ አሸዋ ላይ ተንሸራትቶ ቆመ። ቱቲ ደርሰዋል።

ገብረየስ ሕመሙን ረስቶ አያት። «በባሕር ኃይል ዘመኔ» አለ፣ «በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያደረገ አላየሁም።»

ሐምሌ ላይ ውሃው ደፈረሰ፤ የሀገራቸው ዝናብ ደርሶ ወንዙ ያብጥ ጀመር። ነሐሴ ሲገባ ጀልባዋን ወደ ከፍታው አውጥተው ሸራዋን አጠፉ። ማዘንጊያ ወለሉን ስታጥብ ሁለት ጊዜ አጠበችው፤ መውረዱ ከብዷት ነበር።

ዶክቶር ዐዋድ በዚያው ቀን መጡ። ቀይ ባሕር ዳር ፖርት ሱዳን ላይ፣ ባሕር ጠላቂዎችን የሚያመላልሱ ጀልባዎች ያሉት ወዳጃቸው ባለሙያ ይፈልጋል።

«አንድ አናጢ ነው የጠየቀኝ» አሉ። «እኔ ግን ሁለት ባሕረኞች እልክልሃለሁ አልኩት። ሐቡቡን ነገርኩት። ‹ሴትየዋንም ላካት› አለ። ትሄዳላችሁ?»

ገብረየስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ባሕሩን ካየ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም መልሱን ለእሷ ተወው።

«ጨዋማው ውሃ እንዴት ነው?» አለችው።

«ከዚህ ይሰፋል።»

«እንግዲህ ያላ፣ እንሂድ!» አለች።

ለመንገዱ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊው የገብረየስን ሥራ «አናጢ» ብሎ ጻፈ፤ በእሷ ቦታም ሳይጠይቅ «የቤት እመቤት» እያለ ሊጽፍ ብዕሩን አስጠጋ።

«ላ፣ ያ ኡስታዝ» ብላ በአረብኛ አስቆመችው። «ባሕረኛ ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁን ትቶ ጻፈ። ወረቀቱን ተቀብላ፣ አረብኛ ማንበብ ባትችልም፣ ቃሉ የቱ እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳያት ጠየቀችው። አሳያት።

ማክሰኞ በከሰላ በኩል የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቦታ ያዙ። ገብረየስ መሣሪያውን በጆንያ አሰረ። ቋጠሮው ላልቶ ስላገኘችው ማዘንጊያ ፈትታ እንደገና አሰረችው።