አጭር ሌንስና የአትክልት መቀስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም፤ አብረውኝ ወፍ ለሚያነሱት ጓደኞቼም አልተናገርኩም። ክርስቲያን ጓደኞቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ እኔ የለኝም። ስለዚህ አንተ አንባቢ እዚያው ተቀመጥና ስማኝ። ልታጽናናኝ ግን አትሞክር።

አቡ ዳቢ ውስጥ ወፍ ማንሳት የጀመረ ሐበሻ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። “ጋሽ ሰይድ፣ ያለችኝ ፍሉስ ይቺው ናት፤ ምን ልግዛ?” ይለኛል። እኔም ሳላመነታ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ሌንስ። ረጅም ሌንስ፤ አሮጌም ቢሆን፣ ቀለሙ የተላጠም ቢሆን። ካሜራው ያገለገለ ይሁን፤ ወፍ የካሜራህን ዕድሜ አይጠይቅህም። መስታወቱን በስልክህ መብራት አሳልፈህ እየው፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ ጥለኸው ውጣ። ባለሦስት እግር ማቆሚያ አትግዛ፤ ከረጢት ውስጥ ሩዝ ሞልተህ የመኪናው መስኮት ላይ አጋድመው፤ ሌንሱን እሱ ላይ ታሳርፈዋለህ። የተረፈህን ለትርፍ ባትሪ አድርገው። በዚህ ነገር አልሳሳትም። አል ራሐ ቢች ካለው ሥራዬ ስወጣ ውሃው ዳር ያነሳኋቸውን ፍላሚንጎዎች ያየ ሰው አይከራከረኝም። ግን አንድም ሰው “ይህን እንዴት ተማርከው?” ብሎኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝስ እውነቱን እነግረው ነበር? አልነግረውም ነበር።

ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ አል ዓይን፣ አል ቶዋያ ውስጥ የአንድ ቪላ አትክልተኛ ነበርኩ። እዚያው ቤት ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ትልቋን ማዳም ታስታምም ነበር። ትልቋ ማዳም የማዳማችን እናት ናቸው፤ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ አሮጊት። ዘይነባን እንደ ልጃቸው ይወዷታል። በመጪው ረመዳን ለዑምራ መካ ይዘዋት ሊሄዱ ቃል ገብተውላታል። ዘይነባ በዚያ ዓመት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቤተሰቦቿ ውስጥ መካን የረገጠ ሰው የለም፤ የመጀመሪያዋ እሷ ልትሆን ነው።

እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ማንበብ አልችልም ነበር። አትዘንልኝ። እኔም አላዘንኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ከዐስር ሶላት በኋላ ትልቋ ማዳም ሲያሸልቡ፣ ዘይነባ በማእድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ የውሃ ካርቶን ጀርባ ላይ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። አንዲት ባለቤት የሌላት ድመት ከሥሯ አትጠፋም፤ የተረፈ ዓሣ ትሰጣታለች።

“ጋሼ፣ ጽጌረዳውን እንደዚህ ‘ጨ’ አጣመህ ብትቆርጠው ማዳም ዛሬውኑ ታባርርህ ነበር” ትለኛለች። ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

ውሃ የሚያጠጣ ሰው ወፍ ሳይወድ አይቀርም፤ ቱቦውን ስትከፍት ይመጣሉ። ካሜራ ልግዛ ብዬ ሁለት ዓመት አጠራቀምኩ። ዘይነባ የወፍ አንሺዎችን ግሩፕ በስልኳ እየከፈተች ምክራቸውን ታነብልኝ ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ገንዘብህ ትንሽ ከሆነ ሌንሱ ላይ አውለው። እሷም ደጋግማ ነገረችኝ። አቡ ዳቢ ሄድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ህንዳዊ ሁለት ነገር አወጣልኝ፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ የተፋፋቀ አሮጌ ካሜራ ከረጅም ሌንስ ጋር፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ፣ ስክሪኑ የሚገለበጥ አዲስ ካሜራ ከአጭር ሌንስ ጋር።

“ባይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ለወፍ፣ ይሄ ለሠርግ” አለኝ።

የሠርጉን ገዛሁ። ለምን? ስላማረብኝ። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ሰው ስለሚያየኝ። ፊደል ያላወቅኩትን እኔን ማንም አይቶኝ አያውቅምና። ደግሞም አንዲት የቤት ሠራተኛ እንዴት ለእኔ ትመርጥልኛለች አልኩ። ይኸው ነው።

ዘይነባ ስታየው “ጋሼ፣ ወፏን ልታነሳት ነው ወይስ ልታገባት?” አለች። ያ ካሜራ ለፊት ብቻ ጥሩ ነበር። ለዑምራው ጉዞ የሚያስፈልጋትን ጉርድ ፎቶ ያነሳሁላት በእሱ ነው። አምሮባታል። አስታውሰው፤ ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ረመዳን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግቢው ውስጥ ባለው ሎሚ ዛፍ ላይ ቡልቡል የምትባል ወፍ ጎጆ ሠራች። ጉንጯ ነጭ፣ ከጅራቷ ሥር ቢጫ። ሦስት ጫጩት ፈለፈለች። ትልቋ ማዳም ጠዋት ጠዋት ዊልቸራቸውን መስኮቱ ሥር ያስገፋሉ፤ ቡልቡሏ ትል ይዛ ስትመጣ “ማሻ አላህ” ይላሉ። እኔ ለማንሳት ሞከርኩ። በእኔ ሌንስ ጎጆዋ የለውዝ ፍሬ ታክላለች፤ ጠጋ ስል ወፏ ትሸሻለች፤ ፊት ለፊት ደግሞ ቅጠሉ ይጋርደኛል። ዘይነባ መላ ነበራት። “አሮጌ መጋረጃ ልስጥህ። ተከናንበህ ሁለት ሦስት ቀን ተቀመጥ፣ ትለምድሃለች። ትዕግሥት በነጻ ነው ጋሼ።” ግሩፑም ውስጥ፣ ቅርንጫፍ ካስቸገረህ ለአፍታ በገመድ ሳብ አድርገህ እሰረው፣ ከዚያ ፍታው፣ እንዳትቆርጠው ይላሉ። አንብባልኛለች። ሰምቻለሁ።

እኔ መቀስ ነበረኝ። ሌንስ የነፈገኝን መቀስ ይሰጠኛል አልኩ። ጠዋት ትልቋ ማዳም ሳይነሱ ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። እኔ ቆረጥኩ። ብርሃኑ ዘው ብሎ ገባ። እናትየዋ ስትንቀዠቀዥ ቆይታ መጣች፣ አጎረሰች፣ አነሳሁ። ንጹሕ ፎቶ። በስልኬ ወደ ግሩፑ ላክሁት። የግሩፑ ሰው ሁሉ አደነቀኝ፤ ማንበብ ባልችልም የአውራ ጣቱን ምልክት አውቀዋለሁ፤ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ጓሮ ዘንባባ ሳጠጣ ፀሐዩ በረታ። ትዝ አለኝ? አዎ፣ ትዝ አለኝ። ጎጆዋን ጆንያ ላልብሳት አስቤ ነበር። በኋላ አልኩ። ዙህር ሰግጄ ስመለስ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ደርቀዋል። አንዱ ከጎጆው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። የአል ዓይን ፀሐይ በኋላ የሚባል ነገር አያውቅም። አትክልተኛ ነኝ፤ ጥላ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ትልቋ ማዳም አለቀሱ። ማዳም ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አቁማ ይህን ያደረገ ማን ነው አለች። ዘይነባ አጠገቤ ቆማለች። ድመቷ ከእግሯ ሥር። እኔ አንዲት የዓረብኛ ቃል ተናገርኩ፤ ድመት የምትል። ቀጠልኩና ዓሣ እያበላች ያስለመደቻት ዘይነባ ናት አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ጨመርኩት።

ዘይነባ አየችኝ። አልጮኸችም። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

“ድመቷ መቀስ አላት እንዴ፣ ጋሼ?” አለችኝ።

ማዳም “ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። “ይቅርታ እየጠየቀች ነው” አልኳት። ይህን አስተውል። አንዴ አልነበረም የዋሸሁት።

ዘይነባ ዓረብኛዋ ከእኔ ይሻላል። በዓረብኛ ብትለው ያን ቀን ኸላስ፣ አብቅቶልኝ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም ሥራዬም። አገር ቤት ሁለት ልጆች እንዳሉኝ ታውቃለች። ማምሻውን ቆሻሻ ልጥል ስሄድ ሦስቱን ቅርንጫፎች ጥቁር ከረጢት ውስጥ ተቋጥረው አገኘኋቸው። እኔ ዛፉ ሥር ትቻቸው ነበር። ማዳም ወደ ግቢው ሳትወጣ ሰብስባቸዋለች። እኔ ከመክሰሴ በፊት ሸፍናኛለች።

በሳምንቱ ድመቷ በካርቶን ተወሰደች። ዘይነባ አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ ወዳለችው የማዳም እህት ቤት ተላከች፤ አምስት ልጆች ያሉበት ቤት። ትልቋ ማዳም ዑምራውን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ሄዱ። ስትወጣ እቃዋን መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁላት እኔ ነኝ። ካርቶኖቹን ትታልኝ ሄደች፤ እስከ ‘ጰ’ ድረስ ተጽፎባቸዋል። የቀረውን ራሴ ተማርኩ። ይኸው እየጻፍኩበት ነው።

ትልቋ ማዳም ከጉዞው ሲመለሱ የቡልቡሏን ፎቶ ለመታሰቢያ ፈለጉት። አሳጥቤ ሰጠኋቸው፤ ሳሎናቸው ሰቀሉት። ፎቶ የሚያውቅ ሰው አንዴ ቢያየው ይገባዋል። ሎሚ ዛፍ መሐል ባለ ጎጆ፣ ጫጩቶቹ ላይ አንዲት የቅጠል ጥላ የለችም። ከዓመት በኋላ ያን ካሜራ ሸጬ ረጅሙን ሌንስ ገዛሁ። አሁን ለሰው የምመክረው እሱን ነው።

ሌንሴ አጭር ስለነበር ነው አልልህም። ገንዘብ አጥቼ ነው አልልህም። መጋረጃው ነበር፣ ገመዱ ነበር፣ ሦስት ቀን ነበረኝ። ከአል ራሐ ኸሊፋ ሲቲ በአውቶቡስ ቅርብ ነው፤ አንድም ዓርብ አልሄድኩም።

ዘይነባ፣ ይህ ቢደርስሽ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸውልሽ። ድመቷ መቀስ አልነበራትም። መቀሱ በእኔ ኪስ ነበር፤ አንቺም ታውቂ ነበር። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታ ገና አይገባኝም። አንቺ በአማርኛ የተናገርሽው እኔን ለማትረፍ ነው። እኔም ይህን በአማርኛ ጻፍኩት፤ ትልቋ ማዳም አያነቡትም፣ ማዳምም አታነበውም። ፎቶው አሁንም እዚያ ሳሎን ተሰቅሏል። የቤቱ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ አለ። በዓረብኛ መባል የነበረባት ነገር ሁለት ቃል ናት፦ እኔ ቆረጥኩ። እስካሁን አላልኳትም።