ፍቅሩ ጫማውን የጠረገበት መጨረሻ

ሶስና ወልድያ ከተማ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስትዘመዝም ትውላለች። የቀረው ጊዜዋ በኪራይ መጻሕፍት ያልቃል። የምትከራየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ድመት ትናገራለች፣ ልዕልቲቱ አስማተኛ ዳቦ ትጋግራለች፣ አትክልተኛ መስሎ የተቀጠረው ንጉሥ ከእሷ ጋር ሲነታረክ ይከርማል፣ ከዚያ ዝናብ መጥቶ ሁለቱን አንድ ካባ ሥር ያስገባቸዋል። ማንም አይሞትም።

«ለሞትማ ኪራይ አልከፍልም፤ በነጻ ሞልቶ የለ» ትላለች።

በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ፣ መርሳ ከተማ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ፍቅሩ ሽማግሌ ላከባት። መልሱ ለእሁድ ተቀጠረ። ቅዳሜ እሷና አክስቷ አለሚቱ መርሳ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወርዱ፣ እሱም እዚያው ሚኒባስ ላይ ነበር።

መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ደረሱ። ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ዳሩን ተቀመጠ፤ ሶስናም መጽሐፏን ገለጠች። ፍቅሩ ከእጇ ነጠቃት።

«ኧረ ሰው የሚያነበውን ጉድ ስሙ!» አለና ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ ያነብላቸው ጀመር። ሰዉ ሳቀ። የሳቀው በድመቷ እንጂ በሶስና አልነበረም፤ ፍቅሩ ግን ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ዝናቡ ጋ ሲደርስ ድምፁን ማቅጠን ረሳ። ነገሩ ሲታወቀው አፍሮ መጽሐፉን ከደነው።

«ቀጥል እንጂ ልጄ» አሉ ከሐራ ገበያ የሚመለሱት ገበሬ፣ አዛውንቱ ሙሄዲን።

«ምኑ ይቀጠላል አባቴ? ይጋባሉ! ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል። የሞኝ ቀለብ!»

«እኛንስ መች ጠፋን? ሰርግ ሲጠሩንም መጨረሻውን እናውቀዋለን፤ ወላሂ፣ እሱን ብሎ የቀረ ሰው ግን አላየሁም።»

አሁን የተሳቀው በፍቅሩ ነበር። ሾፌሩ «ውሃው ጎድሏል፣ ግቡ!» ሲል ፍቅሩ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠሎች ገነጠለ፤ የጫማውን ጭቃ ጠረገባቸውና ጎርፉ ውስጥ ወረወራቸው። መጽሐፉን ለሶስና መለሰላት።

መኪናው ጎርፉን ተሻገረ። ኋላ አንዲት ሴት፣ «ታዲያ ንጉሥ መሆኑን አወቀችበት?» ብላ ጠየቀች።

ሶስና መጽሐፉን ከዚህ በፊት ሦስቴ ተከራይታዋለች። እስከ መርሳ ተረከችላቸው። ድመቷ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ ንጉሡ በየማታው ቅቤ እየሰጠ አፏን ዘግቶት ነው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጠው ፍቅሩ መንገዱን ያይ ነበር። ሶስና ሆን ብላ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ አዘነበለ። አየችው፤ ናቀችው።

መርሳ ሲወርዱ አለሚቱ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ እንግዲህ፣ ለብጣሽ ወረቀት ብለሽ! ሱቅ ያለው ሰው እኮ ነው። ነገ ለሽማግሌዎቹ ምን ልበል?»

«አይሆንም በያቸው አክስቴ።»

«ምክንያቱን ሲጠይቁኝስ?»

«መጽሐፉ የኪራይ ነበር በያቸው።»

አለሚቱ በማግስቱ እየተሸማቀቀች እንዲያው እንደወረደ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«ያ ድመት ያለበት ነው?» አሉ።